ጨጓራችን ቆስሎ ነው ወይስ ለግሞ?

እናንተዬ፣ በዚህ ከተማ «ጨጓራ» የሌለበት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ጨጓራ፣ ቢሮ ውስጥ ጨጓራ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጨጓራ። «ምነው ከሳህ?» ሲሉት «ኧረ ተወኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» ይላል። (ፈጣሪ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጨጓራ በነፃ ሰጥቶን ሳለ እንደ ዕዳ «አለብኝ» ማለታችን አይገርምም?) ቃሩም ጨጓራ ነው፤ ቁስሉም ጨጓራ ነው፤ ሆድ መነፋቱም ጨጓራ ነው። የሐሞት ጠጠር እንኳ አንዳንዴ ጨጓራ ተብሎ ዓመታት ይከርማል። ከዚያማ ወደ መድኃኒት ቤት ነው። «ለጨጓራ የሚሆን ስጠኝ» ይባላል፤ ኦሜፕራዞል ይሰጣል፤ ሰውዬው ይውጣል፤ ሲጨርስ ደግሞ ይመለሳል። አንድም ሰው «የቱ ጨጓራ?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ጨጓራ ነው። አልቆሰለም፤ አልተቃጠለም፤ ግን ሥራ አልሠራም ብሎ ለግሟል። እህል ይገባለታል፤ አይወጣለትም። ማታ የተበላው ጠዋት እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ፈረንጆቹ ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። በግሪክኛ «ጋስተር» ሆድ ነው፤ «ፓሬሲስ» ደግሞ ከፊል ሽባነት። እኔ በአማርኛ «የለገመ ጨጓራ» ብለው ይሻለኛል፤ ልግመኛ በቅሎ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ብትገፏት አትሄድም፤ ብትመቷት አትሄድም፤ ጭነቱን እንደተሸከመች ትቆማለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለ በሽታው የማውቀው ሐኪሞችን ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በዚህ አገር ስኳር በሽታ ያለባቸው ስንትና ስንት ሰዎች ሆዳቸው እንደለገመ ሳይታወቅላቸው «ጨጓራ ነው» በሚል አንድ ቃል ተሸኝተው እቤታቸው ይማቅቃሉ። አንድ ቃል ሰውን የሚያሳምም ከሆነ ቃሉ ራሱ ይመርመር!

መጀመሪያ ጨጓራ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር። ብዙዎቻችን ከረጢት ይመስለናል። ከረጢት ብቻ ሳይሆን ወፍጮም ነው። የላይኛው ክፍሉ የበላነውን ተቀብሎ ይለጠጣል። የታችኛው ክፍሉ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ምግቡን ወደ በሩ ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል፣ ይፈጨዋል። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ፤ ሐኪሞች ፓይሎረስ ይሉታል። ይህ ዘበኛ ትውውቅ አያውቅም፤ ጠጣሩ ምግብ ደቆ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ወደ አንጀት አያሳልፍም። ውሃና ቀጭን ፈሳሽ ቶሎ ያልፋሉ፤ ቅባትና ገለባ የበዛበት ምግብ ይዘገያል። በጤነኛ ሰው ዘንድ ለምርመራ የሚሰጠው ቀለል ያለ ምግብ ከ4 ሰዓት በኋላ ከመቶ 90 እጁና ከዚያ በላይ የሚሆነው ከጨጓራ ወጥቷል።

ወፍጮው ያለ ሞተር አይዞርም። ሞተሩን የሚያዝዘው ከአንጎል ተነሥቶ በአንገትና በደረት በኩል ሆድ ድረስ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። ከዚህ ሌላ በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ምቱን የሚጠብቁ ልዩ ሕዋሳት አሉ፤ በስፔናዊው ሳይንቲስት በራሞን ኢ ካሃል ስም ይጠራሉ። ነርቩ ሲጎዳ፣ ሕዋሳቱ ሲመናመኑ፣ ወፍጮው ይቆማል ወይም እያነከሰ ይሄዳል። እህሉ ደግሞ ከላይ መግባቱን አያቆምም።

ታዲያ ነርቩን ምን ይጎዳዋል? ስኳር! ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር የእግርን ነርቭ እንደሚያደነዝዝ ሁላችንም ሰምተናል። «ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ይጠብቅ፣ ዓይኑን ይመርመር» ሲባል በሬዲዮም በግድግዳ ላይ ወረቀትም አይተናል፤ መልካም ነው። ያው ስኳር የሆድንም ነርቭ እንደሚበላ ግን ማን ነገረን? ካሳንደር የሚባል ሐኪም በስኳር ሕሙማን ላይ የሚታየውን ይህን ነገር ስም ሰጥቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አሁን ስልሳ ምናምን ዓመት አልፎታል። እኛ ጋ ግን ወሬው ገና አልደረሰም።

የአንዲት ጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አይፈልጉም። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ልጆች ያሳደጉ፣ እጃቸው የጣፈጠ የቤት እመቤት ናቸው። ስኳር ከያዛቸው 18 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ሦስት ጉርሻ ሲጎርሱ «በቃኝ፣ እዚህ ደረሰ» ብለው ደረታቸውን መንካት ጀመሩ። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። ቀጥሎ ትውከት። ትውከቱ ደግሞ እንደ ሌላው ትውከት አይደለም፤ ማታ የበሉት ምስር ጠዋት በቅርጹ ይወጣል።

ጨጓራ ተባሉ። ኦሜፕራዞል ወሰዱ። አልተሻላቸውም። «ጀርም ነው» ተባለና የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ወሰዱ። አልተሻላቸውም። ደግመው ወሰዱ። ሦስተኛ ጊዜም ወሰዱ። ኤች ፓይሎሪ በአገራችን የብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ስላለ ምርመራው «አለ» ቢል አይደንቅም፤ ግን ያለው ጀርም ሁሉ የሚታየውን ሕመም ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። እሱን ማን ያስረዳቸው? በዚህ መሐል ተልባው፣ አብሹ፣ ማሩ ተሞከረ። ሰውነታቸው ቀለጠ።

ሰውነት ሲቀልጥ ደግሞ የሰፈር አፍ ይከፈታል። አንዷ «ቡዳ በልቷቸው ነው» አለች። ሌላው ያንን የምታውቁትን በሽታ በሹክሹክታ ጠራ። አንዱ ደግሞ (ይኼ ነው ያስቆጣኝ) «ስስት ነው፤ ገንዘብ ላለማውጣት ነው የማይበሉት» አለ። እንግዲህ ሆዱ ያልሠራለት ሰው በሦስት ፍርድ ቤት ይፈረድበታል ማለት ነው።

በኋላ ልጃቸው ገንዘብ አጠራቅሞ አንድ የግል ክሊኒክ ኢንዶስኮፒ ወሰዳቸው። ማታ ምንም ሳይቀምሱ አድረው ጠዋት ቀረቡ። መሣሪያው ገባ፤ ጨጓራው ምግብ ሞልቶታል! ሐኪሙ አወጣውና ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «እማማ፣ ሳይበሉ ይምጡ ተብለው አልነበረም? በልተው መጥተው ጊዜዬን አጠፉ፤ ሌላ ቀን ይምጡ።» ምለው ተገዝተው «ልጄ፣ አልበላሁም» ቢሉ ማን ይስማቸው። ልጁም መንገድ ላይ «እማዬ እውነቱን ንገሪኝ፣ ቀምሰሽ ነበር?» አላቸው። እሳቸው ከትውከቱ ሁሉ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ነች ያሳመመችኝ ይላሉ።

ያ በጨጓራ ውስጥ የተገኘው ምግብ እኮ መልሱ ራሱ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ጾሞ ያደረ ሰው ሆድ ውስጥ ምግብ ከተገኘ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ መውጫው ተዘግቷል፣ ወይ ወፍጮው ለግሟል። ሰውዬው ዋሽቷል የሚለው በመጨረሻ የሚመጣ እንጂ በመጀመሪያ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። ከብዙ ወራት በኋላ ሌላ ቦታ ያገኟት አንዲት ወጣት ሐኪም ግን መድኃኒት ከማዘዟ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ «እናቴ፣ ስኳሩ ከያዘዎት ስንት ዓመቱ ነው?» ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን ያገኘው።

ስኳር ያለበት ሁሉ ይህ ይደርስበታል ማለት አይደለም፤ አትደንግጡ። የሚበዛው ስኳሩ ብዙ ዓመት በቆየባቸው፣ ዓይናቸውን፣ ኩላሊታቸውን ወይ እግራቸውን መንካት በጀመረባቸው ላይ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይታያል። ደግሞ ስኳር የሌለባቸውም ይያዛሉ። ለብዙዎቹ ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከቫይረስ ሕመም በኋላ ይጀምረዋል፤ የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸውም አሉበት። ድሮ ለጨጓራ ቁስለት በቀዶ ሕክምና ቬገስ ነርቭን መቁረጥ የተለመደ ስለነበር፣ ያኔ የተቀደዱ አዛውንቶች ቁስሉ ዳነላቸውና ልግሙ የተረፋቸው አሉ።

መድኃኒቶችም ጨጓራን ያለግማሉ። ትራማዶልና መሰሎቹ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ያዘገዩታል። ስኳር ላለባቸው ለሚያቃጥል እግራቸው የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ያዘገየዋል። «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲባል ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቡስኮፓንም ሥራው ጡንቻን ማላላት ስለሆነ የለገመውን ጨጓራ ጭራሽ ያስተኛዋል። ሰዉ ሊድን ብሎ የሚውጠው ነገር ላዩ ላይ እየጨመረበት እንደሆነ ልብ በሉ። (ተነሥታችሁ መድኃኒታችሁን ጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ለሐኪማችሁ ዝርዝሩን አሳዩ ማለቴ ነው።) ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ እየያዘ የሚመጣው ኦዘምፒክ የሚሉት የማክሺያ መርፌም ከሥራው አንዱ ጨጓራን ማዘግየት ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 መርፌውን የሚወስዱ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ሲኖራቸው እንዲያሳውቁና ጥንቃቄ እንዲደረግላቸው መመሪያ ያወጣው። ሆዱ ባዶ ነው ተብሎ የተደነዘዘ ሰው ያለው ምግብ ወደ ሳንባው ቢገባ ሊሞት ይችላልና።

ጫትንስ እንርሳው? አንርሳው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ጫት አስቅሞ ሲለካ የምግቡ ከጨጓራ መውጣት ዘግይቶ ተገኝቷል። ቃሚው «ጫት ሲቅሙ አያስርብም» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምሳ ጥሩ በልቶ፣ በርጫ ተቀምጦ፣ ማታ «ሆዴ ተነፋ፣ ጨጓራዬ ተነሣ» የሚል ወዳጅ ያላችሁ ይህቺን አስነብቡት።

አሁን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ይህን አንብቦ «አሃ! የእኔም ለግሞ ነው» ብሎ የራሱን ስም የሚያወጣ አይጠፋም። ቆይ! በእኛ አገር ለብዙ ዓመት ሳይታከም የቆየ ቁስለት ጠባሳ እየሠራ መውጫውን ያጠበዋል። ካንሰርም ይዘጋዋል። የሁለቱም ምልክት ከልግሙ ጋር ይመሳሰላል፤ ቶሎ መጥገብ፣ መነፋት፣ የቆየ ምግብ ማስመለስ። ስለዚህ መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ መንገዱ ክፍት መሆኑ ይታያል፤ ልግም የሚባለው መንገዱ ክፍት ሆኖ ምግቡ ሳይሄድ ሲቀር ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው ትክክለኛ መለኪያ በትንሽ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተነካ ምግብ አብልቶ ለ4 ሰዓት በልዩ ካሜራ መከታተል ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ከመቶ 10 እጅ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ዘግይቷል ይባላል። ይህን ካሜራ በየሆስፒታሉ አታገኙትም። ስለዚህ ሐኪሙ በጥያቄ፣ በኢንዶስኮፒና በማስተዋል ነው የሚሠራው፤ ማስተዋል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ መዋጥ የተሳነው ሰው ግን ጋዜጣ ማንበቡን ትቶ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ የኢንሱሊኑ ነገር ነው። እስቲ በዝግታ ተከተሉኝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ወግቶ ይበላል። መድኃኒቱ የበላው እህል ወደ ደም ሲገባ ሊቀበለው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። እህሉ ግን ከጨጓራ አልወጣም! ኢንሱሊኑ እንግዳውን ሊቀበል ወጥቶ እንግዳው የለም፤ በደም ውስጥ ያለችውን ትንሿን ስኳር ያወርዳታል። ሰውዬው ጠግቦ በልቶ ሳለ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ሌሊት ከሆነ ራሱን ስቶ ሊያድር ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ያ የተቀመጠው እህል በስተመጨረሻ ወርዶ ስኳሩ ሰማይ ይነካል። ሲለካ 60፣ ሲለካ 350። ክትትል ክፍል ሲሄድ «ምግብዎን አልጠበቁም፤ ኢንሱሊኑን በሥርዓቱ አልወጉም» ተብሎ ይገሠጻል። ደግሞ የባሰው፣ ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ጨጓራን ያዘገያል። ልግሙ ስኳሩን ያበላሻል፤ ስኳሩ ልግሙን ያብሳል።

ጎረቤቴ እንዲህ ሁለት ጊዜ ሌሊት ወድቀው ተገኝተዋል። አንደኛውን ጊዜ ልጃቸው ስኳር በውሃ በጥብጦ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ ስለ እሳቸው የምጽፈው ሌላ ነበር። ስለዚህ ስኳሩ ያለ ምክንያት የሚወጣ የሚወርድበት፣ በተለይ ከምግብ በኋላ የሚወርድበት ሰው «ሆዴ ይዘገያል መሰለኝ» ብሎ ለሐኪሙ ይናገር። የመርፌው ዓይነትና ሰዓት ሊስተካከል ይችላል፤ ለአንዳንዱ ከምግብ በኋላ እንዲሆን ይደረጋል። ይህን ግን ሐኪም ይወስን እንጂ ማንም ከራሱ አይነሣ። ብዙ ጊዜ መለካትም ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው መንግሥት የሚመጣው! የመለኪያዋ ስትሪፕ ከውጭ የምትገባ ነች፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋዋን የሚያውቅ ያውቀዋል። በቀን አራት ጊዜ ተለኩ ማለት ለጡረተኛ ምን ማለት እንደሆነ ወንበር ላይ ያሉት ሒሳቡን ይሥሩት። የወደቀ ሰውን በአምቡላንስ ወስዶ ማስተኛት ከስትሪፕ ይረክሳል ያላቸው ማነው?

ወደ ምግብ እንምጣ፤ እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ። ስኳር ላለበት ሰው ሁሌ የሚነገረው «ጎመን ብሉ፣ ጥራጥሬ ብሉ፣ ገለባ ያለው እህል ብሉ» ነው። ለብዙዎቹ ትክክል ነው። ጨጓራው ለለገመበት ግን ገለባው ዋና ጠላቱ ነው። አይደቅም፤ ዘበኛውም አያሳልፈውም። እየተጠራቀመ እንደ ኳስ ይጠጥራል፤ ሐኪሞች ቤዞር ይሉታል፤ ይህ ደግሞ ራሱ መንገድ ይዘጋል። ምክሩን በታማኝነት የጠበቁት ጎረቤቴ ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድን የተሠራ ጥናት ልግሙ ያለባቸውን የስኳር ሕሙማን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን የደቀቀና የለሰለሰ ምግብ ቢያበላው ማቅለሽለሹ፣ ትውከቱና መነፋቱ ቀነሰለት።

የደቀቀና የለሰለሰ ምግብ! እናቶቻችን ይህን ለማወቅ ስዊድን መሄድ አላስፈለጋቸውም። ለአራስና ለበሽተኛ የሚሰጠው አጥሚት ምንድነው ታዲያ? (ስኳር ላለበት ሰው ስኳርና ማር ሳይጨመርበት፣ ወፍራም ሳይሆን ቀጠን ብሎ፣ ትንሽ በትንሽ።) ሽሮም እህሉ አስቀድሞ ተፈጭቶ ያለቀለት ስለሆነ ዘይቱ ከቀነሰና ከቀጠነ ከክክና ከንፍሮ በብዙ ይቀላል። የተፈጨ ድንች፣ ሩዝ፣ ተልጦ የበሰለ ካሮት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የተጣራ ሾርባ ይስማማል። የማይስማማው ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥሬ ሰላጣ፣ የብርቱካን ገለባ፣ ቋንጣ፣ ቁርጥና ቅቤው የሚንሳፈፍበት ክትፎ ነው። ሦስቱን ትልልቅ ማዕድ ወደ አምስት ስድስት ትንንሽ መከፋፈል፣ በደንብ ማላመጥ፣ ከበሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል አለመተኛት፣ ይልቅ በዝግታ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ሲጋራና አልኮል መተው ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ዘመድን መቋቋም ነው! መቼም «በሞቴ» የሚባል ነገር ያለበት አገር ነው ያለነው። ሰው «በቃኝ» ሲል እኛ የምንሰማው «ለምኑኝ» ሲል ነው። አንዷ ጉርሻ ታጣላለች ይባልና ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ከባለቤቷ እጅ በግድ ትገባለች። ጎረቤቴ ሠርግ ላይ ሦስት ጉርሻ በክብር ተቀብለው ጓሮ ዞረው ያስመለሱትን እኔ አይቻለሁ፤ ያጎረሱት ሴትዮ ደግሞ «ምግቤን ናቁት» ብለው እስከ ዛሬ አኩርፈዋል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ አልካድኩም። ግን ወፍጮው የቆመ ቤት ጆንያ ላይ ጆንያ የሚያራግፍ ሰው ምን ይባላል?

ጾሙስ? ይህን በጥንቃቄ ነው የምናገረው። የጾም ምግባችን ቅባቱ ያነሰ መሆኑ ለለገመ ጨጓራ ደግ ነው፤ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል መብዛቱ ግን አይስማማውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ መሙላት ደግሞ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ሁለት አደጋ በአንድ ቀን ነው። ፋሲካ ሌሊት ከረጅም ጾም በኋላ የሚበላው ዶሮና ቅቤ በጤነኛውም ሆድ ላይ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያንም ለበሽተኛ ሥርዓት አላት፤ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው። እስልምናም በሽተኛን አያስገድድም። ከሃይማኖቱ ይልቅ የሚያስቸግረው «ምን ይሉኛል» ነው።

መድኃኒትም አለው፤ ግን ተአምር የለውም። ዋነኛው ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ እኛ ጋ ፕላሲል እየተባለ የሚታወቀው። ጨጓራን ያነቃቃል፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከሌላው አንጻር ቀላል ነው። ችግሩ በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ መታየቱ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱና ፊቱ ከፈቃዱ ውጭ መንቀሳቀስ ሊጀምረው ይችላል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም ላይተው ይችላል። ስለዚህ ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ይመከራል። በወጣቶች ላይ ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። አንዲት ልጅ አንገቷ ተጣምሞ ዓይኗ ቢገለበጥ በእኛ ሰፈር ምን እንደሚባል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ጸበሉን አትከልክሏት፤ ግን አስቀድማችሁ የዋጠችውን መድኃኒት ለሐኪም አሳዩ፤ ለእሱ ፈጥኖ የሚያላቅቅ መርፌ አለው። መውጫው በተዘጋ ጨጓራ ላይ ደግሞ ፕላሲል ጭራሽ አይሰጥም።

ዶምፔሪዶን የሚባልም አለ፤ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ልቡ ጤነኛ ያልሆነ ሰው ይጠንቀቅ። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ጨጓራን ያንቀሳቅሳል፤ ግን በሳምንታት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። በውጭ አገር ሆድ ውስጥ የሚቀበር በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ፤ በኢንዶስኮፕ የዘበኛውን ጡንቻ ቆርጦ በሩን የሚያሰፋ ሕክምናም መጥቷል። ስለ እነሱ ብዙ አልልም፤ ሩቅ ናቸው።

ቅርብ ያለው የስኳር ክትትል ክፍል ነው። ነርሷ ክብደት ትመዝናለች፣ ግፊት ትለካለች፣ እግር ታያለች። ከዚያ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር ስንት ያስወጣል? ትንሽ በልተው ቶሎ ይጠግባሉ? ከሰዓታት በፊት የበሉትን ያስመልሳሉ? ከበሉ በኋላ ስኳርዎ ይወርዳል? ይህ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፤ የምረቃ ሪባንም የለውም፤ ምናልባት የማይደረገውም ለዚህ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ አለቃ አትጠብቁ፤ ከነገ ጀምራችሁ ጠይቁ።

እናንተ ደግሞ፣ በቤታችሁ ከቁም ሣጥኑ ላይ በፌስታል የታሠረ የሕክምና ወረቀት ክምር ካለ አንድ ምሽት ፍቱትና ተመልከቱ። የድሮ ኢንዶስኮፒ ውጤት ላይ «ጨጓራው ውስጥ የምግብ ቅሪት ተገኝቷል» የሚል መስመር ካያችሁ፣ እናታችሁ ወይ አባታችሁ ያን ቀን «አልበላሁም» ብለው ከነበረ፣ ወረቀቷን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ተመለሱ። ስኳሩ የጀመረበትን ዓመትም ጻፉባት።